ስምና ቁጥር፦ ኮምፒውተሮች የሚጠራሩበት መንገድ እንዴት ተሠራ

በኔትወርክ ላይ ኮምፒውተር ለኮምፒውተር መልእክት የሚልከው በቁጥር ነው። ስም የሚያስፈልገው ለሰው ነው። ስሙን ወደ ቁጥር የመለወጡ ሥራ ቀላል ይመስላል፤ ግን ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲሠራ፣ ሲፈርስና እንደገና ሲሠራ ቆይቷል። የኮምፒውተሩን የኔትወርክ ሴቲንግ ከፍቶ «ዲኤንኤስ» በሚለው ቦታ ቁጥር የሞላ ሰው ሁሉ የዚህ ታሪክ የመጨረሻ ጫፍ ላይ እጁን አሳርፏል። በአንድ ማሽን ውስጥ ስም የሚፈቱት ፋይሎችና ፕሮግራሞች የተለያየ ዘመን ሥራዎች ናቸው፤ አዲሱ ሲመጣ አሮጌው አልተነሣም፣ ከላዩ ተደረበበት እንጂ። አንዱ ሲበላሽ ቶሎ የሚያገኘው የትኛው በየትኛው ላይ እንደተደረበ የሚያውቅ ሰው ነው። ታሪኩን ከመነሻው የምተርከው ለዚህ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኦክቶበር 29 ቀን 1969 የመጀመሪያው መልእክት ከሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሜንሎ ፓርክ ወደሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ሲላክ፣ አርፓኔት የተባለው ኔትወርክ ላይ ስም ለማውጣት የሚያስቸግር ብዛት አልነበረም። የኮምፒውተር አድራሻ ትንሽ ቁጥር ነበረች። በእያንዳንዱ ማገናኛ ማሽን ላይ እስከ 4 ኮምፒውተር ይገጠማል፤ ሁሉም ተቋም የጎረቤቶቹን ስምና ቁጥር በራሱ ዝርዝር ይይዝ ነበር። ችግሩ ቶሎ መጣ። አንዱ ተቋም በአንድ ስም የሚጠራውን ማሽን ሌላው በሌላ ስም ይጠራዋል። በሴፕቴምበር 1971 በማይተር ኩባንያ የሚሠሩት ፔጊ ካርፕ ስሞቹ አንድ ወጥ ይሁኑ የሚል አጭር ሰነድ ጻፉ። ሁለት ዓመት አልፎ፣ በዲሴምበር 1973፣ ፒተር ዶይች ከዜሮክስ የምርምር ማእከል ሆነው ይበልጥ በምሬት ጻፉ፤ እያንዳንዱ ተቋም ለብቻው ጊዜ ያለፈበት ዝርዝር እየያዘ መቀጠሉ ትርጉም የለሽ ነው፣ አንድ ዝርዝር በአንድ ቦታ ይቀመጥና ሌላው ከዚያ ይቅዳ አሉ። መልሱ ወር አልፈጀም። በጃንዋሪ 1974 በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ያለው የኔትወርክ መረጃ ማእከል ፋይሉን እኔ እይዛለሁ አለ። ፋይሉም «ሆስትስ ዶት ቴክስት» ተባለ።

የዚህ ፋይል ታሪክ የኤሊዛቤት ፋይንለር ታሪክ ነው። ወዳጆቻቸው ጄክ ይሏቸዋል። በ1931 በዌስት ቨርጂኒያ ተወለዱ፤ የተማሩት ኬሚስትሪ ነው፤ በኦሃዮ የኬሚስትሪ ጽሑፎችን በሚያጠናቅር ድርጅት ሠርተው በ1960 ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም መጡ። በ1972 ዳግላስ ኤንግልባርት በዚያው ተቋም ወዳለው ቤተ ሙከራቸው ወሰዷቸውና በዚያ ዓመት ኦክቶበር ላይ አርፓኔት ለሕዝብ ለሚታይበት ጉባኤ የኔትወርኩን ሀብት ሁሉ የሚዘረዝር መጽሐፍ እንዲያዘጋጁ ሰጧቸው። ፋይንለር ፕሮግራም ጸሐፊ አልነበሩም። የመረጃ ሰው ናቸው፤ ማን ምን እንዳለው፣ የት እንዳለው፣ በምን ስም እንደሚጠራ መዝግቦ መያዝን ነው የተካኑበት። ኔትወርኩ በዚያ ጊዜ የጎደለውም ይኸው ነበር። ማእከሉን እስከ 1989 መሩት።

የአሠራሩ ነገር እንዲህ ነበር። አንድ ዩኒቨርሲቲ ወይም የጦር ቤተ ሙከራ አዲስ ኮምፒውተር ሲያገናኝ ወደ ማእከሉ ይደውላል፣ ወይም «ሆስትማስተር» ወደሚባለው የኢሜይል ሣጥን ይጽፋል። የማእከሉ ሠራተኞች ስሙ ያልተያዘ መሆኑን አይተው በፋይሉ ላይ አንድ መስመር ይጨምራሉ። በመስመሩ ላይ በሁለት ነጥብ እየተለየ አድራሻው፣ ስሙ፣ የማሽኑ ዓይነት፣ የሚሠራበት ሲስተምና የሚቀበላቸው ፕሮቶኮሎች ይጻፋሉ። ስሙ ከ24 ፊደል እንዳይበልጥ ተደንግጎ ነበር። ከዚያ በየተቋሙ ያሉ ባለሙያዎች ፋይሉን ከማእከሉ እየገለበጡ በማሽኖቻቸው ይጭናሉ። የአንድ ሰፈር ሰው ሁሉ በአንድ የእድር ጸሐፊ መዝገብ እንደሚተማመን፣ ኔትወርኩ በሙሉ በአንድ ቢሮ መዝገብ ላይ ቆሞ ነበር። ሥራው የጽሕፈት ሥራ ተብሎ ሊናቅ አይገባውም። ከአሥር ዓመት በላይ፣ ማን ማን እንደሆነ የሚለው ጥያቄ በዚህ ቢሮ መልስ ያገኝ ነበር፤ አንድ ቁጥር ተሳስቶ ቢገባ በማግስቱ የብዙ ተቋማት ኢሜይል መንገድ ይስታል። የኢንተርኔት ታሪክ ሲጻፍ ከፕሮቶኮል ነዳፊዎቹ ጎን የፋይንለርና የባልደረቦቻቸው ስም የሚቀመጥበት ቦታ አሁንም ጠባብ ነው ብዬ አምናለሁ። «ሆስትማስተር» የሚለው ሣጥን ግን ዛሬም የዶሜይን ጉዳይ ለሚመለከተው ሰው የሚጻፍበት የተለመደ አድራሻ ሆኖ ቀርቷል።

ቢሮው የተቸገረው በቁጥር ነው። በኦገስት 1981 በዝርዝሩ ላይ 213 ኮምፒውተሮች ነበሩ። በኦገስት 1983 ዝርዝሩ 562 ደረሰ። ለዛሬ ዓይን ትንሽ ነው፤ ጫናው ግን በብዛቱ ልክ አላደገም። አዲስ ማሽን ሲገባ ፋይሉ አንድ መስመር ይረዝማል፤ ፋይሉን የሚገለብጠው ማሽንም በአንድ ይጨምራል። ስለዚህ ዝርዝሩን ለማዳረስ የሚጠፋው የኔትወርክ አቅም ከኮምፒውተሮቹ ብዛት ስኩዌር ጋር አብሮ ያድጋል። ማሽኖቹ እጥፍ ሲሆኑ ጫናው አራት እጥፍ ማለት ነው። በዚያ ላይ ስም የሚያወጡት ተቋማት ለጎረቤት ቢሮ ለሚገዙት ማሽን ሁሉ ካሊፎርኒያ መጠየቅ ነበረባቸው። በጃንዋሪ 1 ቀን 1983 አርፓኔት ወደ ቲሲፒ አይፒ ፕሮቶኮል ሲሻገር፣ በየግቢው የተተከሉት ትንንሽ ኔትወርኮች ሁሉ አንድ ላይ መገናኘት ቻሉ። ከዚያ በኋላ በአንድ ቢሮ የሚያዝ ዝርዝር ዕድሜ እንደሌለው ግልጽ ሆነ።

ሐሳቡ አስቀድሞ ይንሸራሸር ነበር። ዴቪድ ሚልስ በ1981 ስሞች በክፍል በክፍል ይሁኑ ብለው ጽፈዋል። ዛው ሲንግ ሱ እና ጆን ፖስቴል በኦገስት 1982 ስሞቹ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ይውጡ ብለው ሐሳቡን አጠነከሩ። እንዴት ይሠራ የሚለው ላይ ግን ስምምነት አልነበረም። ፖስቴል በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ማሪና ዴል ሬይ በሚገኘው የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተቋም ይሠሩ ነበር። እዚያው ለሚሠሩት ለፖል ሞካፔትሪስ አምስት የተለያዩ ሐሳቦችን ሰጥተው አስታራቂ መንገድ እንዲፈልጉ ጠየቋቸው። ሞካፔትሪስ ግን አምስቱንም ትተው የራሳቸውን አመጡ።

ዲኤንኤስ የተባለው የሞካፔትሪስ ሥራ ዝርዝሩን ማንም በሙሉ እንዳይዘው አደረገ። ስሙ በነጥብ ይከፋፈላል፤ የሚነበበውም ከቀኝ ወደ ግራ ነው። «በርክሌይ ዶት ኢዲዩ» የሚለውን ስም የሚፈልግ ኮምፒውተር መጀመሪያ ከዛፉ ሥር ያሉትን ሰርቨሮች ይጠይቃል። እነሱ በርክሌይን አያውቁም፤ «ኢዲዩ» የሚለውን ክፍል ማን እንደሚይዝ ግን ይነግሩታል። የኢዲዩው ሰርቨር ደግሞ የበርክሌይን ስሞች የሚይዘው የበርክሌይ ሰርቨር ነው ይለዋል። በርክሌይ ራሱ ቁጥሩን ይሰጣል። ያም ዩኒቨርሲቲ ነገ ሃምሳ ማሽን ቢገዛ ማንንም አያስፈቅድም፤ በራሱ ሰርቨር ላይ ይጽፋል፣ ይኸው ነው። ሁለተኛው ብልሃት የዕድሜ ገደቡ ነው። እያንዳንዱ መልስ ለስንት ሰከንድ እንደሚያገለግል ተጽፎበት ይመጣል፤ ጠያቂው እስከዚያ ድረስ መልሱን ይዞ ይቆይና ደግሞ ደጋግሞ አይጠይቅም። የዛሬው ኢንተርኔት በዚህ ሁሉ ብዛት ሳይታነቅ የሚኖረው በአብዛኛው በዚህች አንዲት ቁጥር ምክንያት ነው። በጁን 23 ቀን 1983 ፖስቴልና ሞካፔትሪስ ሥርዓቱን ሞክረው ሠራላቸው፤ በኖቬምበር ሰነዶቹ ወጡ። ሞካፔትሪስ ራሳቸው የጻፉት የመጀመሪያው ሰርቨር «ጂቭስ» ይባል ነበር።

በኦክቶበር 1984 ፖስቴልና ጆይስ ሬይኖልድስ የዛፉን የላይኛ ቅርንጫፎች ስም ይፋ አደረጉ። ኮም፣ ኢዲዩ፣ ጎቭ፣ ሚል፣ ኦርግ ወጡ፤ ለአገሮች ደግሞ በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቁት ሁለት ሁለት ፊደሎች ተመደቡ። «ሲምቦሊክስ ዶት ኮም» በማርች 15 ቀን 1985 ተመዘገበ፤ በዶት ኮም ሥር የመጀመሪያው ነበር።

እስካሁን የተረክሁት የሰርቨሮቹን ወገን ነው። የጠያቂው ኮምፒውተር ታሪክ ከዚህ ይጀምራል፤ ዛሬ በእጃችን የምናዋቅረውም ይህን ወገን ነው። በ1983 በርክሌይ የወጣው የዩኒክስ ስሪት 4.2ቢኤስዲ የስም ዝርዝሩን «ኢቲሲ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ «ሆስትስ» በተባለ ፋይል ያስቀምጥ ነበር። ፕሮግራሞች ስም ሲያገኙ «ጌት ሆስት ባይ ኔም» የሚባል አንድ ተግባር ይጠራሉ፤ እሱም ፋይሉን ከላይ እስከ ታች አንብቦ ቁጥሩን ይመልሳል። በ1984 አራት የበርክሌይ ተማሪዎች፣ ዳግላስ ቴሪ፣ ማርክ ፔይንተር፣ ዴቪድ ሪግልና ሶንግኒያን ዡ፣ ለዩኒክስ የሚሆን የዲኤንኤስ ሰርቨር ጻፉ፤ «ባይንድ» ተባለ። በ1986 4.3ቢኤስዲ ሲወጣ ባይንድን ይዞ ወጣ። የተግባሩ ስም ግን አልተነካም። ፕሮግራሞቹ እንደ ድሮው «ጌት ሆስት ባይ ኔም» ብለው ይጠይቃሉ፤ ውስጡ ተለውጦ ፋይል በማንበብ ፈንታ ሰርቨር ይጠይቃል። አንድ መስመር ሳይነካ የቆየ ፕሮግራም በአዲሱ ኢንተርኔት ላይ መሥራት የቻለው በዚህ ነው። እኔ በዚህ ሙያ ውስጥ ካየኋቸው አስተዋይ ውሳኔዎች አንዱ ይህ ነው።

ሰርቨሩ የት እንዳለ ለማሽኑ የሚነግረው ፋይል «ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ» ነው። ከአርባ ዓመት በኋላም ቅርጹ ያው ነው። በአንድ መስመር ላይ «ኔምሰርቨር» የሚል ቃል፣ ከጎኑ ቁጥር። እንደዚህ ያለ መስመር እስከ ሦስት ይፈቀዳል፤ አራተኛ ቢጻፍ ማንም አያነበውም። ማሽኑ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ 5 ሰከንድ ጠብቆ መልስ ካጣ ወደ ሁለተኛው ያልፋል። እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ የሚሳሳትበት ነገር አለ። የመጀመሪያው ሰርቨር ቢሞት ኢንተርኔት አይቋረጥም፤ ቀርፋፋ ይሆናል እንጂ። ፕሮግራሙ አዲስ ስም በፈለገ ቁጥር 5 ሰከንድ ሞቶ ያደረውን ሰርቨር ይጠብቃል፣ ከዚያ ሁለተኛው ይመልስለታል። ሰው መስመሩ ደከመ ይላል፣ ራውተር ይቀየራል፣ የቴሌኮሙ ድርጅት ይወቀሳል። ስም በገባ ቁጥር አምስት አምስት ሰከንድ የሚዘገይ ማሽን ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚከፈተው ይህ ፋይል ነው።

በኦክቶበር 1984 ከሺህ ትንሽ ያለፈው የኮምፒውተሮች ብዛት በዲሴምበር 1987 28,174 ደረሰ። ሞካፔትሪስ በኖቬምበር 1987 ሰነዶቹን አሻሽለው አወጡ፤ እነዚያ ሰነዶች ዛሬም መሠረት ናቸው። በኦክቶበር 1989 የወጣው የኢንተርኔት ማሽኖች ደንብ ነገሩን ቆረጠው። ማንኛውም ማሽን ዲኤንኤስ መጠየቅ መቻል አለበት፣ ግዴታ ነው አለ። በዚያው ላይ ግን፣ ማሽኑ በተጨማሪ የራሱን ዝርዝር ፋይል ቢያነብም ይፈቀዳል አለ። አሮጌው ፋይል በየኮምፒውተሩ እስከ ዛሬ የቀረው በዚህች ፈቃድ ነው። ዊንዶውስ እንኳ «ሲስተም32» ውስጥ፣ «ድራይቨርስ» በሚለው ሥር፣ «ኢቲሲ» የሚባል ፎልደር አለው። በውስጡ «ሆስትስ» የሚለው ፋይል ተቀምጧል፤ ስሙና ቅርጹ ከበርክሌይ እንደመጣ ይናገራል። በዩኒክስ ወገን ከፋይሉ መስመሮች አንዱ ሁልጊዜ ያው ነው፤ 127.0.0.1 ይልና «ሎካልሆስት» ይላል።

እንግዲህ ማሽኑ ሁለት የሚጠይቃቸው አካላት አሉት። ማንን ያስቀድም? መጀመሪያ ላይ መልሱ ከባድ ነበር። በ4.3ቢኤስዲ ላይ የሲስተሙ ላይብረሪ ሲገነባ አንዱ ይመረጥና ያ ብቻ ይሠራል። ሰን የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ደግሞ በ1980ዎቹ አጋማሽ «የሎ ፔጅስ» የሚል ሦስተኛ መንገድ አመጣ፤ ስሙ የብሪቲሽ ቴሌኮም የንግድ ምልክት ስለሆነ በኋላ ኒስ ተባለ። በሰን ማሽን ላይ ዲኤንኤስ በቀጥታ ለመጠየቅ የፈለጉ ባለሙያዎች የሲስተሙን ዋና ላይብረሪ ፈትተው እንደገና ይገነቡ ነበር። ያ ሥራ ቢበላሽ ማሽኑ አይነሣም። ይህን ጣጣ የፈታው ሰን ራሱ በሶላሪስ 2 ያመጣው «ኤንኤስስዊች ዶት ኮንፍ» ነው፤ ሊኑክስም በ1990ዎቹ መጨረሻ ወሰደው። በዚያ ፋይል ውስጥ «ሆስትስ» ከሚለው ፊት ለፊት «ፋይልስ» ከዚያ «ዲኤንኤስ» ተጽፎ ይገኛል። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ የራስህን ፋይል እይ፣ ካጣህ ሰርቨሩን ጠይቅ። የ1974ቱ ዘመን ከ1983ቱ ቀድሞ ይጠየቃል ማለት ነው። ዶሜይን ሰርቨር ላይ ቁጥሩን ለውጦ በራሱ ማሽን ላይ ግን አሮጌው ቁጥር እየመጣ የሚያስቸግረው ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ለሙከራ ብሎ በ«ሆስትስ» ፋይል ላይ የጻፋት መስመር ቀርታ ነው።

በ1993 የታየው ችግር የማዋቀር ጉዳይ ምን ያህል ሩቅ እንደሚደርስ ያሳያል። ሰው ሁልጊዜ ሙሉ ስም መጻፍ ስለሚሰለቸው፣ ሪዞልቨሮቹ፣ ማለትም በጠያቂው ማሽን ላይ ስም የሚፈቱት ፕሮግራሞች፣ አጭሩን ስም ተቀብለው ከኋላው የተቋሙን ስም ራሳቸው ይቀጥሉለት ነበር። ይህ ደግነት ከልክ አለፈ። «ቴክ ዶት ኤሴስ ዶት ኮም» በሚባል ተቋም ያለ ሰው «ዩኒቨርሲቲ ዶት ኢዲዩ» ብሎ ሙሉውን ስም ቢጽፍ እንኳ፣ ሪዞልቨሩ መጀመሪያ የተቋሙን ስም ከኋላው ለጥፎ ይሞክራል፤ ካላገኘ አንድ ክፍል ቆርጦ ይሞክራል፤ በመጨረሻ «ኮም» የሚለውን ብቻ ለጥፎ «ዩኒቨርሲቲ ዶት ኢዲዩ ዶት ኮም» የሚል ስም ይጠይቃል። «ኢዲዩ ዶት ኮም» የሚባል ዶሜይን ማንም ሊያስመዘግብ ይችል ነበር። ያስመዘገበው ሰው፣ ከመላው የዶት ኮም ተቋማት ወደ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሄደውን ግንኙነት ወደ ራሱ ማዞር ይችል ነበር። ይህን በኦክቶበር 1993 በሰነድ ያጋለጡት ኢሁድ ጋቭሮን ናቸው። መፍትሔውም አብሮ መጣ። የሚለጠፈው ስም በግልጽ ተጽፎ ይታወቅ፣ ነጥብ ያለበት ስም ደግሞ መጀመሪያ እንደተጻፈ ይጠየቅ ተባለ። «ስንት ነጥብ ሲኖረው?» የሚለውን የሚወስነው «ኤንዶትስ» የሚባለው ማስተካከያ ነው፤ ካልተነካ 1 ነው።

በዚያው ወር ሌላ ሰነድ ወጣ። ራልፍ ድሮምስ ያዘጋጁት የዲኤችሲፒ ፕሮቶኮል ማሽኑ ኔትወርክ ላይ ሲገባ አድራሻውንም፣ የዲኤንኤስ ሰርቨሩንም ከኔትወርኩ እንዲቀበል አደረገ። ለተራ ተጠቃሚ ትልቅ እረፍት ነበር። ለባለሙያው ግን «ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ» የእጁ ጽሑፍ መሆኑ አበቃ። አስተካክሎ አስቀምጦት ይሄዳል፤ ማሽኑ ሲነሣ ዲኤችሲፒ ከላዩ ይጽፍበታል። ከዚያ ቪፒኤን መጣ፣ ላፕቶፕ ከቤት ወደ ቢሮ የሚንከራተትበት ዘመን መጣ፣ ሦስት አራት ፕሮግራም በአንድ ፋይል ላይ የሚሻሙበት ጊዜ ሆነ።

ኢትዮጵያ ወደ ዛፉ የገባችው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። «ኢቲ» የሚለው የአገሪቱ ቅርንጫፍ በኦክቶበር 1995 በዓለም አቀፉ መዝገብ ተከፈተ፤ የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በ1997 የኢንተርኔት አገልግሎት ሲጀምር «ኮም ዶት ኢቲ» እና «ጎቭ ዶት ኢቲ» የሚሉት ስሞች በሥራ ላይ ዋሉ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት የተቆጣጠረው የእምነት ጉዳይ ነው። ስቲቭን ቤሎቪን በዲኤንኤስ በኩል ማሽን ሰብሮ መግባት እንደሚቻል በ1990 ጽፈው፣ ጉዳቱን ፈርተው እስከ 1995 ሳያሳትሙት ቆዩ። በ2008 ዳን ካሚንስኪ ያገኙት ደግሞ የባሰ ነበር። ጠያቂው ሰርቨር መልሱ የእሱ መሆኑን የሚያውቀው በጥያቄው ላይ በለጠፈው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም ከ65,536 አንዱ ነው። አጥቂ ሐሰተኛ መልስ ቢልክ የመገመት ዕድሉ ጠባብ ነው፤ ከተሳሳተ ደግሞ እውነተኛው መልስ ደርሶ ዕድሜው እስኪያልፍ መጠበቅ አለበት ተብሎ ይታሰብ ነበር። ካሚንስኪ መጠበቅ እንደማያስፈልግ አዩ። አጥቂው የሌሉ ስሞችን በተከታታይ ያስጠይቃል፤ ሁሉም አዲስ ስለሆኑ ሁሉም አዲስ ዕድል ናቸው። በአንዱ ከቀናው ከመልሱ ጋር «የዚህ ዶሜይን ሰርቨር ያለው እዚህ ነው» የሚል ሐሰተኛ ቁጥር አያይዞ ዶሜይኑን በሙሉ ይወስዳል። ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ካሚንስኪ ባይንድን በኋላ ለተንከባከቡት ለፖል ቪክሲ ነገሩ፤ በማርች መጨረሻ ባለሙያዎች በማይክሮሶፍት ግቢ በምሥጢር ተሰበሰቡ። በጁላይ 8 ቀን 2008 ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሁሉ በአንድ ቀን ማስተካከያውን ለቀቁ። የተስማሙበት ዘዴ ጥያቄው የሚወጣበትን ፖርት ቁጥር ጭምር በዘፈቀደ መለዋወጥ ነው፤ አጥቂው ሁለቱንም ቁጥሮች አብሮ መገመት ስላለበት ዕድሉ እጅግ ጠበበ። ዘላቂው መልስ ግን መልሱን መፈረም ነበርና በጁላይ 15 ቀን 2010 የዛፉ ሥር ራሱ በዲጂታል ፊርማ ተፈረመ። ተፎካካሪ ኩባንያዎች ወራት ሙሉ ምሥጢር ጠብቀው በአንድ ቀን መዝመታቸው ለዚህ ሙያ ክብር ነው።

በዲሴምበር 2009 ጉግል 8.8.8.8 የተባለውን ነፃ ሰርቨር ከፈተ። አዲስ አበባ ውስጥ ጭምር «ዲኤንኤሱን ስምንት ስምንት አድርገው» የሚለው ምክር ከዚህ መጣ። በማርች 2014 የቱርክ መንግሥት ትዊተርን በዲኤንኤስ በኩል ሲዘጋ፣ ሰዎች ይህን ቁጥር በግድግዳ ላይ በቀለም ጻፉት። ቁጥሩ ለጥቂት ቀን ሠራ፤ በወሩ መጨረሻ የአገሪቱ አገልግሎት ሰጪዎች ራሱን 8.8.8.8ን መስለው መመለስ ጀመሩ፤ ጉግልም ይህን በይፋ ተናገረ። በሴቲንግ ላይ የተጻፈ ቁጥር መልሱ ከየት እንደሚመጣ ዋስትና እንደማይሆን ያኔ ብዙ ሰው ተረዳ።

ኩበርኔቲስ የተባለው ሲስተም በ2010ዎቹ አጋማሽ ሲስፋፋ የ1993ቱ ነገር በሌላ መልክ ተመለሰ። ኩበርኔቲስ በሚያስነሣቸው ማሽኖች ላይ «ኤንዶትስ» 5 ሆኖ ይጻፋል፤ የውስጥ ስሞች አጥረው እንዲጻፉ ታስቦ ነው። ውጤቱ፣ ከአምስት ያነሰ ነጥብ ያለው የውጭ ስም ሁሉ በመጀመሪያ ሦስት የውስጥ ቅጥያዎች እየተለጠፉበት በከንቱ ይጠየቃል፤ ለሁለቱ የአድራሻ ዓይነቶች ሲባል ጥያቄው እጥፍ ይሆናል። ሰርቨሮቻቸው በጥያቄ ብዛት የተጨናነቁባቸው ባለሙያዎች ምክንያቱን የሚያገኙት በዚያች የአርባ ዓመት ፋይል ውስጥ ነው። መፍትሔውም ድሮ የነበረ ነው፤ ከስሙ መጨረሻ ላይ አንዲት ነጥብ ቢጨመር ሪዞልቨሩ ምንም አይለጥፍም።

በ2016 ኡቡንቱ ሊኑክስ ሲስተምዲ ሪዞልቭድ የተባለውን ፕሮግራም በመደበኛነት አስገባ። የብዙ ፕሮግራሞችን ሽሚያ በአንድ አስታራቂ ለመዳኘት ታስቦ ነው። ከዚያ ወዲህ «ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ»ን የሚከፍት ሰው የሚያገኘው 127.0.0.53 የሚል ቁጥር ነው፤ ማሽኑ ራሱን ይጠይቃል ማለት ነው። ትክክለኛው ሰርቨር ያለው ከበስተኋላ ነው፤ «ሪዞልቭሲቲኤል ስታተስ» በሚለው ትእዛዝ ይታያል። ፋይሉን በእጁ የሚያርም ሰው ጽሑፉ ሲጠፋበት የሚደነቀው ፋይሉ ወደ ሌላ ቦታ የሚያመላክት ጥላ ብቻ መሆኑን ሳያውቅ ነው።

በጁላይ 2017 በዛፉ የላይኛ ቅርንጫፎች ስም ላይ የግዕዝ ፊደል ለመጻፍ የሚያስችለው ደንብ የስሞቹን ሥርዓት በሚያስተባብረው ድርጅት በአይካን ታተመ፤ ከላኦ፣ ከታይ፣ ከክመርና ከጆርጂያ ፊደል ጋር አብሮ። የግዕዝ ፊደል ባለሙያዎች ያሰቡበት አንድ ጉዳይ አማርኛ ጸሐፊ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ሰው እንደ ልማዱ እያቀያየረ ይጽፋል። ስለዚህ ደንቡ እነዚህን እንደ ተመሳሳይ ፊደል ይቆጥራቸዋል፤ አንዱ አጻጻፍ ለአንድ ባለቤት ከተሰጠ ሌላው ለሌላ ሰው አይሰጥም። በኔትወርኩ ላይ የሚጓዘው ግን ፊደሉ ራሱ አይደለም፤ ስሙ ወደ ላቲን ፊደላትና ቁጥር ተለውጦ ይሄዳል።

በኦክቶበር 2018 ፖል ሆፍማንና ፓትሪክ ማክማነስ ያዘጋጁት ሰነድ የዲኤንኤስ ጥያቄ እንደ ድረ ገጽ ተመስጥሮ እንዲላክ ፈቀደ። እስከዚያ ድረስ ጥያቄው በግልጽ ይጓዝ ስለነበር፣ አንድ ሰው የት የት እንደሚገባ መንገድ ላይ ያለ ሁሉ ያነበው ነበር። ይህ ጥቅሙ ነው። ግን ብራውዘሩ የሲስተሙን ሴቲንግ ሁሉ ዘሎ በራሱ ሰርቨር መጠየቅ ቻለ፤ «ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ»ም አይነበብም። ቪክሲን የመሳሰሉ የቆዩ ባለሙያዎች ይህ የኔትወርኩን ኃላፊ እጁን ያስራል ብለው አጥብቀው ተቃወሙ። በፌብሩዋሪ 2020 ሞዚላ በአሜሪካ ለሚገኙ የፋየርፎክስ ተጠቃሚዎች ነገሩን ሳይጠየቁ አበራላቸው፤ ጥያቄዎቹም በመደበኛነት ክላውድፍሌር ወደተባለው ኩባንያ ሄዱ። ለኔትወርክ ኃላፊዎች ግን አንድ በር ተወላቸው። ፋየርፎክስ «ዩዝ አፕሊኬሽን ዲኤንኤስ ዶት ኔት» የሚል ስም የአካባቢውን ሰርቨር ይጠይቃል፤ ሰርቨሩ ስሙን አላውቀውም ካለ ብራውዘሩ ወደ ሲስተሙ ሴቲንግ ይመለሳል። በትምህርት ቤት ወይም በመሥሪያ ቤት ኔትወርክ ላይ የራሱን ስሞች የሚያስተዳድር ባለሙያ ዛሬ ይህን ስም ጭምር በሰርቨሩ ላይ ማዋቀር አለበት። ተጠቃሚው በራሱ እጅ ሴቲንጉን ካበራው ግን ፋየርፎክስ ይህን ምልክት አይቀበልም፤ የተጠቃሚውን ምርጫ ያስቀድማል።